የነፋስ ተርባይን ‘ሽውታ’ ከየት ይመጣል? የማይታየውን አየር የማዳመጥ ሳይንስ

ነፋስን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚለውጥ ተርባይን አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከማማው አናት፣ ጄኔሬተሩና ማርሾቹ ካሉበት ክፍል የሚወጣ ዝቅ ያለ የማሽን ድምፅ ነው። ሁለተኛው ክንፎቹ በዞሩ ቁጥር ‘ሽው... ሽው...’ እያለ የሚመላለሰው ነው። ሩቅ ድረስ የሚዘልቀው፣ ሌሊት በመስኮት አልፎ የሚገባውና በብዙ አገሮች አቤቱታ የሚያስነሣው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው።

ይህ ድምፅ የሚወለደው ከብረትም ከማርሽም አይደለም፤ ከራሱ ከአየሩ ነው። ከክንፉ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚነሣ ለማወቅ ግን ረቂቅ ልኬት አስፈልጓል። የተገኘውም መልስ በጆሮ ብቻ ሊገመት የሚችል አልነበረም።

ጉዳዩ በቤተ ሙከራ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ 365 ተርባይኖች ቆመዋል። በኢትዮጵያ በአዳማና በመቀሌ አቅራቢያ በምትገኘው አሸጎዳ ገበሬዎች በተርባይኖች መካከል ያርሳሉ፤ ከብት ያግዳሉ። ጂቡቲም ጉቤት በተባለው ሥፍራ የራሷን ጣቢያ ገንብታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ ከነፋስ ተርባይን የሚመጣ ድምፅ በቀን፣ በምሽትና በሌሊት ተመዝኖ በሚወሰደው አማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። የድምፅ ገደብ በሕግ በተደነገገባቸው አገሮች ገደቡን የሚያልፍ ተርባይን ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገደዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል። የድምፁን ምንጭ በትክክል ማወቅ፣ የጎረቤትን እንቅልፍም ሆነ የጣቢያውን ገቢ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኮረብታው የወረደው ‘ድው ድው’

ያልተረጋጋ የአየር ፍሰት ምን ያህል ችግር ሊፈጥር እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በአሜሪካ ነው። እአአ በ1979 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ከቡን ከተማ በላይ ባለው ሃዋርድስ ኖብ ኮረብታ ላይ ሞድ-1 የተባለ ተርባይን ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትና ናሳ በጋራ ያሠሩት ይህ ተርባይን ሁለት ክንፎች ነበሩት። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 61 ሜትር ነበር። ኃይሉ ደግሞ 2 ሜጋዋት ነው። የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ባስጨነቀበት በዚያ ዘመን ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ማማረር ጀመሩ። የሚሰሙት ‘ሽው’ የሚል ሳይሆን ‘ድው... ድው’ የሚል ምት ነበር። ከጆሮም አልፎ በቤት ውስጥ ንዝረቱ ይታወቃቸው፣ ዕቃም ያንቀጠቅጥ ነበር። ይበልጥ ግራ የሚያጋባው፣ ድምፁ አንድ ቀን ኖሮ በሌላው ቀን መጥፋቱ፣ በአንዱ ቤት ተሰምቶ በሌላው አለመሰማቱ ነበር። እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ሲቀርብ ‘የስሜት ጉዳይ ነው’ ብሎ ማለፍ ይቀናል። ተመራማሪው ኒል ኬሊና ባልደረቦቻቸው ግን መሣሪያ ይዘው ወደ ሥፍራው ሄዱ።

ምክንያቱ ተገኘ። የሞድ-1 ክንፎች የሚዞሩት ከማማው በስተኋላ ነበር፤ ማለትም ነፋሱ መጀመሪያ ማማውን አልፎ ነበር ክንፎቹን የሚያገኘው። ማማው ደግሞ አራት እግር ያለው የብረት ፍርግርግ ነው። በወንዝ ውስጥ የቆመ ድንጋይ ከኋላው የተረበሸ ውኃ እንደሚተው ሁሉ፣ እያንዳንዱ የማማው እግርም ከኋላው የዘገየና የተተራመሰ የአየር ጅራት ይተዋል። ክንፉ በዚህ ጅራት ውስጥ ሲያልፍ ከነፋሱ የሚያገኘውን ኃይል ለቅጽበት ያጣል፤ ወዲያው መልሶ ያገኛል። ይህ ድንገተኛ መውደቅና መነሣት በአየሩ ውስጥ የግፊት ምት ሆኖ ይሰራጫል። የኮረብታው አቀማመጥና የአየሩ ንብርብሮች ምቱን እያጠፉ ወደ አንዳንድ ቤቶች ያሰባስቡት፣ ሌሎቹን ያሳልፏቸው ነበር። ነዋሪዎቹ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር ማለት ነው።

የተርባይኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ35 ዙር ወደ 23 ዙር እንዲወርድ ተደረገ። ዛሬ የምናያቸው ትልልቅ ተርባይኖች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ክንፎቻቸው ከማማው ፊት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የሚሆኑት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ለዚህም ጭምር ነው። ‘ድው ድው’ው በዚህ መንገድ ተቃለለ። ‘ሽው ሽው’ው ግን ቀረ።

አየር እንዴት ይጮኻል?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል እአአ በ1952፣ የጄት ሞተር ጩኸት ባስጨነቀበት ጊዜ፣ የተተራመሰ አየር ምንም የሚንቀጠቀጥ ጠጣር አካል ሳይኖር በራሱ ድምፅ እንደሚያመነጭ በሒሳብ አሳዩ። እአአ በ1970 ደግሞ ጆን ፎክስ ዊሊያምስና ሌን ሆል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ወሳኝ ነገር ጨመሩበት፤ የተተራመሰው አየር በሹል ጠርዝ አጠገብ ሲያልፍ ድምፅ የማመንጨት ብቃቱ እጅግ ይጨምራል።

ዋሽንት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሽንት ሲነፋ ዋነኛው ድምፅ ሰጪ የሸምበቆው ግድግዳ አይደለም፤ የነፊው ትንፋሽ ከአፉ ወጥቶ የሸምበቆውን ጠርዝ ሲመታና ሲከፈል የሚፈጠረው የአየር መናወጥ ነው።

በተርባይን ክንፍ ላይም ጠርዝ አለ። አየሩ በክንፉ ገጽ ላይ ሲንሸራተት፣ ለገጹ የቀረበው ስስ የአየር ንጣፍ ይዘገያል፤ በጥቃቅን አዙሪቶችም ይሞላል። አዙሪቶቹ በገጹ ላይ እስካሉ ድረስ ድምፃቸው እምብዛም ነው። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን ከሥራቸው የነበረው ገጽ በድንገት ያልቃል። በዚያች ቅጽበት የተሸከሙት የግፊት መናወጥ ድምፅ ሆኖ ይበተናል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ የተርባይን ክንፍም ነገሩ እንደዚያው ነው።

የዚህ ድምፅ ኃይል የሚወሰነው በፍጥነት ነው፤ ያውም በፍጥነቱ አምስተኛ ርቢ። ለምሳሌ የክንፉ ፍጥነት በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ የድምፁ ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የክቡ ስፋት 58 ሜትር የሆነ ተርባይን በደቂቃ 25 ጊዜ ቢዞር፣ የክንፉ ጫፍ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ቀስ ብሎ የሚንከባለል ይመስላል።

148 ጆሮዎች

ንድፈ ሐሳቡ ይህ ከሆነ፣ በእውነተኛው ተርባይን ላይ ማረጋገጥ ለምን ያስቸግራል? አንደኛው ምክንያት ድምፅ እጅግ ደካማ ነገር መሆኑ ነው። የ45 ዴሲቤል ድምፅ የሚፈጥረው የግፊት መናወጥ፣ በባሕር ወለል ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት ወደ ሠላሳ ሚሊዮን እጥፍ ያንሳል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የማይክሮፎኑን ፊት በቀጥታ ሲገፋ የሚያሳድረው ግፊት ደግሞ ከዚያ ድምፅ ግፊት 10 ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ተርባይን የሚጮኸው ነፋስ ሲኖር ነው፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ማይክሮፎን በደንብ አይሰማም።

በዓለም አቀፉ የመለኪያ ደንብ መሠረት ማይክሮፎኑ በምሰሶ ላይ አይሰቀልም፤ መሬት ላይ በተነጠፈ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ የነፋስ መከላከያ ይደፋበታል። ከተርባይኑ የሚኖረው ርቀትም ከማማው ከፍታና ከክንፎቹ ክብ ግማሽ ስፋት ድምር ጋር የተቀራረበ ይሆናል። ከዚያ ተርባይኑ ሲሠራና ሲቆም እየተለካ የአካባቢው ድምፅ ይቀነሳል። ይህ ተርባይኑ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይናገራል። ከየት እንደሚያወጣ ግን አይናገርም።

ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ አንዳንዶች ‘የድምፅ ካሜራ’ የሚሉት ነው። መሠረቱ ሁላችንም ያለን ነገር ነው። አንድ ሰው ከቀኝ ሲጠራን ድምፁ ለቀኝ ጆሯችን ከግራው በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ አእምሯችንም ከልዩነቱ አቅጣጫውን ይገምታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ማይክሮፎኖች መካከል ያለው የመድረሻ ልዩነት ቢበዛ 3 ሺኛ ሰከንድ ነው። ብዙ ማይክሮፎኖች ተደርድረው ኮምፒውተሩ ከአንድ የተወሰነ ነጥብ የሚመጣ ድምፅ በእያንዳንዱ ላይ ስንት እንደሚዘገይ ያሰላል፤ መዘግየቱን አስተካክሎም ሁሉንም ይደምራል። ድምፁ በእርግጥ ከዚያ ነጥብ ከመጣ ድምሩ ይጎላል። ካልመጣ ምልክቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ይኸው ስሌት ለሺህ ነጥቦች ሲደገም የድምፅ ካርታ ይወጣል። የተርባይን ክንፍ ስለሚዞር ደግሞ ስሌቱ ነጥቡን እየተከተለ አብሮ መዞር አለበት፤ ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደውና ‘ሲሮኮ’ በተባለው ፕሮጀክት ይህ ተሞከረ። ስያሜው ከሰሃራ ተነሥቶ ሜዲትራኒያንን የሚሻገረው ነፋስ ስምም ነው። የኔዘርላንድስ የበረራ ምርምር ተቋም ባልደረባ ስቴፋን ኡርለማንስና አጋሮቻቸው እአአ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ 148 ማይክሮፎኖችን 15 በ18 ሜትር ያህል በሆነ የእንጨት መድረክ ላይ ደርድረው፣ የክንፎቹ ክብ 58 ሜትር ከሆነ ባለሦስት ክንፍ ተርባይን ፊት ለፊት አስቀመጡ። ተርባይኑ የ850 ኪሎዋት ነው፤ በቱርካና ከቆሙት 365ቱ ጋር እኩል አቅም ያለው።

ሦስቱ ክንፎች ሆን ተብሎ እንዲለያዩ ተደርገዋል። አንደኛው በደንብ ታጠበ። ሁለተኛው የአየሩ ንጣፍ ቀድሞ እንዲተራመስ ገጹ እንዲሻክር ተደረገ። ሦስተኛው እንደነበረ ተተወ።

ካርታው ሲወጣ ከማዕከሉ ከሚመጣ አነስተኛ ድምፅ በቀር፣ መሬት ላይ የሚሰማው ድምፅ ከሞላ ጎደል በሙሉ የመጣው ከክንፎቹ የውጨኛ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ግን ከጫፉ ጫፍ አልነበረም። ከዚህም በላይ ድምፁ ጎልቶ የታየው ክንፉ ወደ ታች በሚወርድበት ጊዜ ብቻ ነበር። ሲወጣ ዝም ያለ ያህል ነው። የሻከረው ክንፍ ከሁለቱ በግልጽ በልጦ መጮኹ ደግሞ ጥፋተኛው የኋላ ጠርዝ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

ለምን ሲወርድ ብቻ? ከኋላ ጠርዝ የሚወጣው ድምፅ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል አይበተንም፤ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ክንፉ መሄጃ ፊት ያመዝናል። ክንፉ ሲወርድ ‘ባትሪው’ መሬት ላይ ወዳለው ሰው ይዞራል፤ ምንጩ ወደ ሰሚው መቅረቡም ድምፁን ተጨማሪ ያጎላዋል። ሲወጣ ወደ ሰማይ ይበራል። ‘ሽውታው’ የሚመላለሰው እንግዲህ በዚህ ነው፤ በደቂቃ 25 ጊዜ የሚዞር ባለሦስት ክንፍ ተርባይን በደቂቃ 75 ጊዜ ‘ሽው’ ይላል።

አየሩን ራሱን መለካት

የድምፁን ምንጭ ማወቅ አንድ ነገር ሆኖ፣ ምንጩን የሚቀሰቅሰውን አየር መለካት ሌላ ሥራ ነው። ከቆዩት መሣሪያዎች አንዱ የጋለ ሽቦ ነው። ውፍረቱ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የሚያንስ ሽቦ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል። የመቀዝቀዙ መጠን የአየሩን ፍጥነት ይናገራል። ሽቦው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ለውጦችን ይከታተላል። ዛሬ ደግሞ ላይዳር የተባለው መሣሪያ የሌዘር ጨረር ልኮ፣ በአየር ላይ ከሚንሳፈፍ ብናኝ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በማንበብ ነፋሱ ተርባይኑ ጋ ሳይደርስ ፍጥነቱን ይለካል።

በዴንማርክ ዳን-ኤሮ በተባለው ፕሮጀክት እአአ በ2009 የተደረገው ግን ከሁሉ የደፈረ ነው። ተመራማሪዎቹ 80 ሜትር ስፋት ባለው ባለ 2 ሜጋዋት ተርባይን ክንፍ ገጽ ላይ የግፊት መለኪያ ቀዳዳዎችንና በርካታ ማይክሮፎኖችን ቀበሩ። መሣሪያዎቹ ከክንፉ ጋር እየዞሩ፣ በጠርዙ አቅራቢያ የሚያልፉትን አዙሪቶች ገና ድምፅ ሆነው ሳይበተኑ ያዳምጡ ነበር።

‘ኮምፒውተር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?’ ለሚል ጠያቂ፣ ናሳ በካሊፎርኒያ ባለው 24.4 በ36.6 ሜትር በሆነው ግዙፍ የነፋስ ዋሻ ውስጥ እአአ በ2000 የተካሄደው ሙከራ መልስ ይሰጣል። የክቡ ስፋት 10 ሜትር የሆነ ተርባይን በዋሻው ውስጥ ተተክሎ ተለካ። ውጤቱ ከመገለጹ በፊት ግን የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በየስሌታቸው እንዲተነብዩት ተጠየቁ። ነፋሱ ጸጥ ባለ፣ እጅግ ቀላል በሆነው ሁኔታ እንኳ የኃይል ትንበያዎቹ ከተለካው ከ25 በመቶ እስከ 175 በመቶ ተራራቁ። ስሌቶች ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽለዋል፤ የተሻሻሉትም በእንዲህ ያለ ልኬት እየተፈተኑ ነው።

ከጉጉት የተወሰደ ጥርስ

ምንጩ የኋላ ጠርዝ ከሆነ፣ ጠርዙን መለወጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ጉጉት ትገባለች። እንግሊዛዊው አር አር ግራሃም ገና እአአ በ1934 ጉጉት ያለ ድምፅ የምትበርባቸውን ሦስት የላባ ባሕርያት ዘርዝረው ነበር፤ በክንፏ ፊት ያለው ማበጠሪያ መሳይ ረድፍ፣ ከኋላ ያለው ዘርፍና በላባዋ ላይ ያለው ለስላሳ ፀጉር። መሐንዲሶች የኋላውን ዘርፍ ወደ መጋዝ ጥርስ ቀየሩት። ቀጥ ያለ ጠርዝ ሲሆን አዙሪቱ በአንድ ጊዜ ከገጹ ይወርዳል፤ ጥርስ ሲሆን በስለት ላይ እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

እነኡርለማንስ ይህንንም ለኩ። ስፋቱ 94 ሜትር በሆነ ባለ 2.3 ሜጋዋት ተርባይን ላይ አንድ መደበኛ ክንፍ፣ አንድ ቅርጹ የተሻሻለ ክንፍና አንድ ጥርስ የተገጠመለት ክንፍ አብረው ዞሩ። ቅርጹ የተሻሻለው በአማካይ 0.5 ዴሲቤል ሲቀንስ፣ ባለ ጥርሱ 3.2 ዴሲቤል ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የድምፁን ኃይል በግማሽ ቀነሰ ማለት ግን ነው። ለጆሮ ደግሞ ግማሽ ሆኖ አይሰማም። ሰው ‘በግማሽ ቀነሰ’ የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ ነው። ሙከራው ሌላም ነገር አሳይቷል፤ በተሻሻሉት ሁለት ክንፎች ጫፍ ላይ ቀጭን፣ ከፍ ያለ ቃና ያለው አዲስ ድምፅ ተፈጥሮ ነበር። እሱም እንደ ሌላው ሳይሆን ክንፉ ወደ ላይ ሲወጣ የሚሰማ ነበር። የድምፅ ካሜራ ባይኖር ይህ በአማካዩ ውስጥ ተሸሽጎ በቀረ ነበር። አሁን በርካታ አዳዲስ ተርባይኖች እንዲህ ያለ ጥርስ ይዘው ይወጣሉ፤ በክንፉ የኋላ ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ በኩል ልብ ብሎ ላየ ሰው ይታያል።

ሌሊት የሚለወጠው ነፋስ

አማካይ ቁጥር የሚሸሽገው ሌላም ነገር አለ። ‘ሽውታው’ በሁሉም አቅጣጫ አንድ አይደለም። በነፋሱ መምጫና መሄጃ በኩል ያለ ሰው ከፍ ያለና ብዙም የማይዋዥቅ ድምፅ ይሰማል። በጎን በኩል ያለው ደግሞ በአማካይ ዝቅ ያለ ነገር ግን ይበልጥ የሚመላለስ ድምፅ ይሰማል። የመለኪያ መሣሪያ ‘ዝቅተኛ’ ብሎ የሚመዘግበው ሥፍራ፣ ለጆሮ ይበልጥ የሚያውክ ሊሆን ይችላል።

ሆላንዳዊው የፊዚክስ ባለሙያ ፍሪትስ ቫን ደን በርግ እአአ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሰዓትን ይመለከታል። በኔዘርላንድስና በጀርመን ድንበር ላይ በሚገኘው ሬደ ጣቢያ እስከ 1,900 ሜትር ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ድምፁ እንደሚረብሻቸው ይናገሩ ነበር። ፈቃድ ሲሰጥ በተሠራው ስሌት መሠረት ይህ መሆን አልነበረበትም። ስሌቱ ግን በ10 ሜትር ከፍታ የሚለካ ነፋስን መነሻ አድርጎ፣ ላይ ያለው ነፋስ ከታቹ ጋር የተለመደ ተመጣጣኝነት እንዳለው ይገምታል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ ይህ ይፈርሳል። ታች ነፋሱ ይረጋል፤ ዛፍም አይንቀሳቀስም። ላይ፣ ክንፎቹ ባሉበት ከፍታ ግን በርትቶ ይነፍሳል። ተርባይኑ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር፣ ድምፁን ሊሸፍን የሚችለው የቅጠልና የነፋስ ሹክሹክታ ግን የለም።

ስለዚህም በቀን፣ በአንድ አቅጣጫና ነፋስ በታች በሚነፍስበት ሰዓት ብቻ የተወሰደ ልኬት፣ ሌሊት አቤት ለሚል ነዋሪ መልስ አይሆንም። መለኪያው የሚቀመጠው በሌሊት፣ በነዋሪው ቤት አቅጣጫ ነው፤ የነፋሱም ፍጥነት የሚነበበው በማማው አናት ከፍታ ነው።